ጂ+4 ስንት ወለል አለው?

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ቲቸር፣ ሲ ፕሮግራሚንግ እስከ ሉፕ ድረስ ገብቶኝ ነበር፤ አሬይ ላይ ጠፋብኝ።» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው፣ ሌላውም ይጠቀምበት።

ከሚዛን እስከ ቴፒ ያደገ ልጅ አሬይን ሳያውቀው ያውቀዋል። የቡና ለቀማ ሰሞንን አስቡ። አምስት ለቃሚዎች ቀይ እሸት ለቅመው ሚዛን ላይ ይሰለፋሉ። የእያንዳንዱ ኪሎ መመዝገብ አለበት። እስካሁን በተማራችሁት መንገድ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቫሪያብል ትከፍታላችሁ። ለአምስት ሰው ይሁን። እንደ በበቃ ባለ ሰፊ እርሻ ላይ ለሺህ ለቃሚ ቢሆንስ? ሺህ ስም ልታወጡ ነው? ድምሩንስ ሺህ የመደመር ምልክት ደርድራችሁ ልትሠሩት ነው?

መዝጋቢው እኮ እንዲህ አያደርግም። በደብተሩ አናት ላይ «ኪሎ» ብሎ አንዴ ይጽፍና ከሥሩ መስመሮቹን በተራ ይሞላል። አሬይ ማለት በቃ ይኸው ነው፦ አንድ ስም፣ አንድ ዓይነት ዳታ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቦታዎች። በሲ «ኢንት ኪሎ[5];» ስትሉ «አምስት ሙሉ ቁጥር የምይዝበት ተከታታይ ቦታ ስጠኝ» ማለታችሁ ነው። (ኮዱን በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ እንዲመች ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፉት።) ዛሬ በምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች አንድ ኢንት አብዛኛውን ጊዜ 4 ባይት ነው፤ አምስቱ 20 ባይት ይይዛሉ።

ብዙዎቻችሁ የምትጠፉት ቀጥሎ ነው። የመጀመሪያው ለቃሚ ኪሎ[1] ሳይሆን ኪሎ[0] ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ኪሎ[4]። «ዜሮ ባዶ ማለት አይደል እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ግራ ቢገባችሁ አይገርምም፤ የግዕዝ ቁጥራችንም ከ፩ ነው የሚጀምረው፣ ለዜሮ ምልክት የለውም። ግን ልጠይቃችሁ፦ ጂ+4 ሕንፃ ስንት ወለል አለው? አምስት። ምድር ላይ ያለው ወለል ቁጥር ውስጥ ያልገባው እሱ ጋ ለመድረስ ደረጃ ስለማይወጣ ነው። ኢንዴክስም እንደዚያው ነው። «ስንተኛ ነህ?» ሳይሆን «ከመነሻው ስንት ቦታ ልራመድ?» ነው ጥያቄው። መነሻው አድራሻ 1000 ቢሆን፣ ኪሎ[3] ያለው 1000 + 3 × 4፣ ማለትም 1012 ላይ ነው። ኪሎ[0] ጋ ለመድረስ ምንም መራመድ አያስፈልግም፤ እዚያው 1000 ላይ ነው።

ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ ሲን ሲሠራ ይህን አቆጣጠር ከኬን ቶምሰን ቢ ቋንቋ ወረሰው፤ ቢ ደግሞ ከማርቲን ሪቻርድስ ቢሲፒኤል። የተፈጥሮ ሕግ ግን አይደለም። ፎርትራን ካልተነገረው በቀር ከ1 ነው የሚጀምረው።

አንዷ ተማሪዬ «ዲፓርትመንት ልቀይር ነው፣ ይኼ ትምህርት ለእኔ አይሆንም» ብላ ጽፋልኛለች። ይህች ልጅ ቤተሰቦቿ ቡና ሲያስለቅሙ ደብተር ይዛ የእያንዳንዱን ሰው ኪሎ የምትመዘግበው እሷ ነበረች። ድምር ተሳስታ ለቃሚ አኩርፎባት አያውቅም። አሬይ አልገባኝም ማለቷን እንዴት ልመን? ያልገባት እኮ የተነገራት ቋንቋ ነው። በአንድ ምዕራፍ ምክንያት የሕይወት አቅጣጫ አይቀየርም።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ኪሎ[5] ብትሉ ምን ይፈጠራል? እንዲህ ያለ መስመር የለም። ሲ ግን «የለም» ብሎ አያስቆማችሁም። ብዙ ጊዜ አምስት ቦታ ተራምዶ ያገኘው ላይ ይጽፋል፣ ቦታው የሌላ ቫሪያብል ቢሆንም። አጥር ዘሎ የጎረቤት ቡና እንደመልቀም ነው። ፕሮግራሙ አንዳንዴ ደህና የሠራ ይመስላል፣ አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ የተሳሳተ ድምር ያወጣል። የመጨረሻው ነው የሚያስፈራኝ፤ ምክንያቱም አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ብላ የለቀመችው ሳታውቀው ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ኢንተርኔትን ያናጋው የሞሪስ ዎርም ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱም የአሬይ ወሰን የማያይ የሲ ፕሮግራም ነበር።

ስለዚህ ሉፑን እንዲህ ጻፉት፦

ኢንት ድምር = 0;
ፎር (ኢንት አይ = 0; አይ < 5; አይ++)
ድምር = ድምር + ኪሎ[አይ];

«ያንሳል» ነው፣ «ያንሳል ወይም እኩል» አይደለም። ፋንክሽን ውስጥ የከፈታችሁትን አሬይም ሳትሞሉ አትደምሩ። ያልተጻፈበት ቦታ ባዶ ገጽ አይደለም፤ የአምና ጽሑፍ ያልጠፋበት አሮጌ ደብተር ነው።

መብራት ጠፋ ብላችሁ አትቀመጡ። ወረቀት ላይ አምስት ሳጥን ሥሩ፣ ከላያቸው ከ0 እስከ 4 ጻፉ፣ ሉፑን በጣታችሁ ተከተሉ።

የቤት ሥራ፦ የአምስቱ ለቃሚዎች ኪሎ 18፣ 25፣ 9፣ 31 እና 22 ነው። ብዙ የለቀመው ሰው ኪሎ ብቻ ሳይሆን ኢንዴክሱም እንዲታወቅ ምን ትጨምራላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው። ቸር እንሰንብት።