ግብር የማይከፍለው ባለመሬት

በኦሪገን ግዛት ያለችው ሃርኒ ካውንቲ ከ26 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 7,500 ገደማ ብቻ ነበር። ሦስት አራተኛ ያህሉ መሬቷ የፌዴራል መንግሥት ነው (አዎ፣ አሜሪካም መሬት የመንግሥት የሆነበት ቦታ አለ)። መንግሥት ደግሞ የመሬት ግብር አይከፍልም። በ1976 የወጣ ሕግ ማካካሻ ይሰጣል፤ ግን የመሬቱ ስፋት ምንም ያህል ቢሆን ክፍያው በሕዝብ ቁጥር ከተቀመጠለት ጣሪያ አያልፍም። አምቡላንስ የሚነዳው ግን በርቀት ልክ ነው፤ ከፊልድስ መንደር እስከ ዋና ከተማዋ በርንስ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በ2016 ታጣቂዎች «መሬቱ ይመለስ» ብለው የማልሂር የዱር እንስሳት መጠለያን 41 ቀን ያዙ። መሪዎቻቸው ከሌላ ግዛት የመጡ ነበሩ። መሬቱ ቢመለስስ፣ የሰደድ እሳቱን ማጥፊያ ወጪ ማን ሊሸፍን ነው? የካውንቲዋ ሹማምንት ቀድመው ሊሟገቱለት የሚገባው ይሄ ጣሪያ እንዲነሳ ነው።