3,000 ቮልት ለአንድ ደቂቃ
የውኃ ጠባቂውን አዛውንት ኤሌክትሪክ የመታቸው እኔ በመረጥሁት ቺፕ ምክንያት ነው። ያኔ ግን ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ «ሳጥኑ በደንብ ስላልተዘጋ ዝናብ ገብቶበት ነው» አልሁ። አዛውንቱም አመኑኝ። የተመቱት እሳቸው ሆነው ሳለ «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

ቦታው ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ያለ መንደር ነው። ለሶላር ውኃ ፓምፑ የቮልቴጅ መለኪያ ቦርድ ሠርቼ ነበር። የፓነሉን ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰው ከሚነካው ወገን ለይቶ መረጃውን ብቻ የሚያሳልፈው ዲጂታል አይሶሌተር የሚባል ቺፕ ነው። የቺፑ ዳታሺት የመጀመሪያ ገጽ «3,000 ቮልት» ይላል፤ የፓነሎቹ መስመር ጠዋት ፓምፑ ሳይነሳ 750 ቮልት ይደርሳል። አራት እጥፍ ነውና ይበቃል አልሁ።

ያ ቁጥር ግን የ60 ሰከንድ ፈተና ውጤት ነው። ቺፑ ዕድሜ ልኩን የሚሸከመው የሥራ ቮልቴጅ ወደ ውስጥ ባለው ሠንጠረዥ ተጽፏል፤ ለዚያ ጠባብ ቺፕ ከ600 በታች ነበር። አላነበብሁትም።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን የአየር ክፍተት ግን አስቤበት ነበር። የአየር ክፍተት ደረጃው ሠንጠረዥ ያለ ማስተካከያ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አዲስ አበባ ቢሆን ያሳስበኝ ነበር፣ አሶሳ ግን ዝቅ ትላለች ብዬ አለፍሁት። ኤሌክትሪኩ የሄደው በአየር ሳይሆን በቺፑ ገጽ ላይ ነው። በሁለቱ ወገን እግሮች መካከል 4 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኢሲ 60664-1 ለ800 ቮልት፣ አቧራና እርጥበት በሚገናኙበት ቦታ፣ በምርጡ ማቴሪያል እንኳ 10 ሚሊሜትር ይጠይቃል፤ ሰው ለሚነካው ደግሞ እጥፉን። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት በማይለቅበት አገር ይህን መርሳት ምን ይባላል?

ማታ ቦርዱን ፈታሁት። በእግሮቹ መካከል ቀይ አቧራ ተጋግሯል፤ መሃሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር የቃጠሎ መስመር ይታያል። በአልኮል ጠረግሁት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ስህተቱ ካለማወቅ ነበር፣ መጥረጉ ግን እያወቅሁ ነው።

በኋላ 8 ሚሊሜትር ያለውን ሰፊ ቺፕ ገጠምሁ፤ ቦርዱን በቫርኒሽ ሸፍኜ እርጥበት በማያስገባ ሳጥን አሸግሁት። ለኮሚቴው «የተሻሻለ ነው» አልኋቸው።

የጥበቃው ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ምክንያቱ «ቸልተኝነት» ተብሎ ሰፍሯል። ቃሉ እንዲሰረዝ፣ ጥፋቱም በስሜ እንዲጻፍ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ደብዳቤውን ይዤ የምሄደው መጀመሪያ ወደ እሳቸው ቤት ነው።