ቁስል የሌለው ዕዳ

የገበያ ቀን ነበር። በሐይቅ ከተማ የገበያ ቀን ለባንክ ሠራተኛ የሰው ፊት የማያይበት ቀን ነው፤ የሚያየው በመስኮቱ የሚገባውን እጅ ነው፤ ደብተር፣ መታወቂያ፣ በመሐረብ የተቋጠረ ብር። ረፋዱ ላይ አንድ እጅ ያቀበለኝ ወረቀት ግን የባንክ አልነበረም። ቀና ስል ታላቅ እኅቴን አየኋት። ከደሴ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከመኪና ወርዳ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተሰልፋ ተራዋን ጠብቃለች። የሰባት ዓመት ልጇ በበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

«ገንዘብ ፈልጌ አይደለም ወንድሜ፤ ይህን አንብብልኝ» አለችኝ።

የአልትራሳውንድ ውጤት ነበር። በልጁ ግራ ኩላሊት ውስጥ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር አለ ይላል። ለወራት ጎኑን ይዞ ሲያለቅስ «ወስፋት ነው፤ ብርድ ነው» ሲባል ቆይቶ፣ ሽንቱ ሥጋ የታጠበበት ውኃ ሲመስል ነበር ወደ ሐኪም የወሰደችው።

በቤተሰባችን ዲግሪ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ዲግሪዬ የሒሳብ አያያዝ ነው፤ ነገር ግን በእኅቴ ዓይን የተማረ ሰው ሁሉንም የተማረ ነው። እኔም ይህን አላስተባበልኩም። ያን ዕለት ማታ ወረቀት አውጥቼ፣ እንደ ለመድኩት መስመር አስምሬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ገቢና ወጪውን አሰፈርኩ።

ዱሮ መንገዱ አንድ ነበር፤ ጎንን በሰፊው ቀዶ፣ ኩላሊትን ከፍቶ፣ ጠጠሩን ማውጣት። መሣሪያው በሌለበት ስፍራ ዛሬም መንገዱ ይኸው ነው። ከዚህ የሚያድኑ ሦስት መንገዶች አገኘሁ።

አንደኛው በሞገድ መስበር ነው። ዶርኒየር የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ስለ ግፊት ሞገድ ካደረገው ምርምር የተወለደ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ዋለ። ሞገዱ ከሰውነት ውጭ ተነሥቶ፣ ቆዳን ሳይቀድ አልፎ፣ ጠጠሩ ላይ ያርፋል። የደቀቀው ጠጠር ከሽንት ጋር ይወርዳል።

ሁለተኛው ቀጭን መመልከቻ በሽንት መውጫ አስገብቶ፣ በፊኛ በኩል እስከ ኩላሊት አድርሶ፣ ጠጠሩን በሌዘር ማድቀቅ ነው። በዚህም የሚቀደድ ቆዳ የለም።

ሦስተኛው በጀርባ በኩል በመርፌ ተጀምሮ እስከ ኩላሊት የሚዘልቅ ጠባብ መተላለፊያ አበጅቶ ጠጠሩን በዚያ ማውጣት ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቁት ስዊድናውያኑ ፈርንስትሮምና ዮሐንሰን ናቸው። ለአዋቂ የሚደረገው መተላለፊያ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ለሕፃን ኩላሊት ይህ እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ 4 ሚሊ ሜትር በማይሞላ መተላለፊያ መሥራት ተጀመረ።

ወረቀቴን አጠፍኩና ለእኅቴ ደወልኩ። «የሞገዱ ይሻላል። ምላጭ የለም፤ ስፌት የለም፤ በአንድ ቀን ያልቃል» አልኳት። በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት፤ የእፎይታ ልቅሶ ነበር። እንግዲህ አንባቢዬ፣ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት «በአንድ ቀን» የምትለዋ ቃል ናት።

ሁለት በጎች ተሸጡ። ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን አዲስ አበባ ደረስን። ሐኪሙ ምርጫችንን አልነቀፈም። ከ20 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ የሕፃን ኩላሊት ጠጠር በአብዛኛው በቅድሚያ የሚመከረው ሞገዱ ነው፤ ከዚያ ለሚበልጠው ደግሞ የጀርባው መንገድ ይመረጣል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦም በሕፃናት ላይ አጭርና የሚለጠጥ በመሆኑ ድቃቂውን ከአዋቂ ይልቅ ያሳልፋል።

ቀጥሎ ግን እኔ ያላሰፈርኩትን ዓምድ ይዘረዝር ጀመር። አዋቂ ሰው ሞገዱን ነቅቶ ሊቀበል ይችላል፤ ትንሽ ልጅ ግን ሳይንቀሳቀስ መተኛት ስለማይችል ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል። ጠጠሩ በአንድ ጊዜ ካልደቀቀ ሞገዱ ይደገማል፤ ማደንዘዣውም አብሮ ይደገማል። ሲስቲን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ ጠጠር ከሆነማ ለሞገድ በቀላሉ አይበገርም። የመመልከቻው መንገድ ቁስል ባይኖረውም፣ የልጁ ቱቦ ጠባብ ከሆነ ስቴንት የሚባል ቀጭን ላስቲክ አስገብቶ አንድ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ግድ ሊሆን ይችላል። ከሥራው በኋላም ስቴንት ከተተወ እሱን ለማውጣት ሌላ ማደንዘዣ አለ። ሳይወጣ የተረሳ ስቴንት ደግሞ ራሱ ጠጠር ያበቅላል። በጀርባ የሚደረገው ሊያደማ ይችላል፤ ሆስፒታል መተኛትም አለው፤ ትልቁን ጠጠር በአንድ ጊዜ በመጨረስ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

እኅቴ ጸጥ ብላ አዳመጠችና፣ «ዶክተር፣ በአንድ ቀን አያልቅም?» ስትል ጠየቀች።

«ሊያልቅ ይችላል እኅቴ፤ ቃል አልገባልሽም። ቁስል የለውም ማለት ምልልስ የለውም ማለት አይደለም» አላት።

ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሞገዱን መረጥን። በመጀመሪያው ቀን ጠጠሩ ተሰበረ፤ ግማሽ ያህሉ ግን ቀረ። ከሳምንታት በኋላ ተመልሰን መሄድ ነበረብን። ለሁለተኛው ጉዞ ጊደሯ ተሸጠች። የማርገዣዋ ጊዜ የደረሰ፣ እኅቴ «የልጄ ወተት» እያለች ያሳደገቻት ጊደር ነበረች። ገንዘቡን እኔ ልስጥ ብዬ ብለምናት፣ «አንተማ አንብበህልኛል፤ ይበቃል» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን ብትቆጣኝ በወደድኩ።

ግጥም ስሞክር የበዛች ቃል ባገኝ እሰርዛለሁ። ባንክ ውስጥም የተሳሳተ አኃዝ በሌላ አኃዝ ይታረማል። «በአንድ ቀን» የምትለዋን ቃል ግን የምሰርዝበት ወረቀት አጣሁ፤ በእኅቴ ልብ ላይ ነበርና የጻፍኳት።

ከሁለተኛው ሕክምና በኋላ ሐይቅ እኔ ቤት ሰነበቱ። በአንዱ ሌሊት ድቃቂው ሲወርድ ልጁ ክፉኛ ታመመ፤ እናቱ ወገቡን በሞቀ ጨርቅ ስትይዝለት፣ እኔ የታዘዘለትን ማስታገሻ ስሰጠው አነጋን። ሐኪሙ እንዳዘዘው ሽንቱን በሻሽ እናጠል ነበር። ጧት ሻሹ ላይ የሽሮ እህል ሲለቀም የሚቀር ዓይነት ቡናማ አሸዋ ተገኘ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «አጎቴ፣ ያስለቀሰኝ ይኼ ነው?» አለኝ። ንቀትም ቅሬታም ነበረበት ድምፁ፤ ትልቅ ነገር ጠብቆ ኖሯል።

አሸዋውን ለምርመራ ላክነው። የሕፃን ጠጠር ብዙ ጊዜ ከኋላው ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ካልተፈለገ ተመልሶ ይመጣል። ውኃ እንዲያበዛ፣ ጨው እንዲቀንስ፣ ወተት ግን እንዳይከለከል ተነገረን። ወተት የሚለው ቃል ሲነሣ እኅቴን ለማየት አልደፈርኩም። ውኃውም ቢሆን ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ እነሱ ቤት ውኃ ከሩቅ በጀሪካን ይመጣል፣ ልጁም ትምህርት ቤት ሳይጠጣ ይውል ነበር። አሁን ግን በጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፤ ባዶውን ሳይመልስ ቢመጣ እናቱ አትምረውም።

ከሦስት ወር በኋላ የተነሣው አልትራሳውንድ ንጹሕ ሆነ። ወረቀቱን በዚያው መስኮት በኩል አቀበለችኝ። አነበብኩላት፤ ደግማ አስነበበችኝ።

ምርጫው ዳግም ቢመጣ አሁንም ሞገዱን እል ይሆናል። የተሳሳትኩት በመንገዱ ሳይሆን በተመን ነው፤ ትንሹን ቁስል ትንሹ ዕዳ አድርጌ ቆጠርኩት። ዛሬ ሌላ እናት ወረቀቷን ብታቀብለኝ ሐኪሙን እነዚህን እንድትጠይቅ እነግራታለሁ፤ ማደንዘዣው ስንት ጊዜ ነው? ምልልሱ ስንት ሊሆን ይችላል? በልጄ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር አለን? ካለስ በየትኛው ቀን ይወጣል? ከዚያ በኋላ ምን እንደምትሸጥና ምን እንደምታስቀር ታውቃለች።

ለእኅቴ ደግሞ የዘገየ እርማቴ ይህ ነው፤ ምላጭ የለም፤ ስፌት የለም፤ ምልልስ ግን ሊኖር ይችላል።