እኔ የምናገረው ለበሬው ነው

የውሻችን ስም «ምን አገባው» ነው። አባቴ ስሙን ያወጣለት ከጎረቤታችን ጋር በድንበር ተጣልቶ፣ ሽማግሌ ገብቶ ባስታረቃቸው ሳምንት ነው። በእርቁ «ሁለተኛ ክፉ ቃል እንዳትነጋገሩ» ተብለዋል፤ ስለ ውሻ የተባለ ነገር አልነበረም። ማታ ማታ አባቴ ደጅ ይቆምና ፊቱን ወደ ጎረቤት አዙሮ «ምን አገባው! ኧረ ምን አገባው!» እያለ ይጣራል። ውሻው እግሩ ሥር ተጋድሟል።

ጎረቤታችንም የዋዛ ሰው አይደለም። ወር ሳይሞላ ቡችላ አመጣና «አውቄ ተውኩት» አለው። ከዚያ ወዲህ ጀምበር ስትጠልቅ ከወዲህ «ምን አገባው!»፣ ከወዲያ «አውቄ ተውኩት!» ይባላል። ሁለቱ ውሾች ግን ያጣላው ድንበር ላይ ተደጋግፈው ያንቀላፋሉ።

* * *

ሰኔ ላይ አባቴ ሲያርስ ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ጓል ይከሰክሳል። አባቴ ልጁን አንዲት ቃል አይናገረውም። የሚናገረው ለበሬው ለዳልቻ ነው።

«አንተ ዳልቻ! ማታ የት አምሽተህ ነው ዛሬ እግርህን የምትጎትት? ጠላ ቤት የለመደ በሬ የትም አይደርስ!» ዳልቻ ሌሊቱን ጋጣ ውስጥ ታስሮ ነው ያደረው። «እኩዮችህ ሁሉ ጎጆ ወጡ፤ አንተ መቼ ነው ሚስት የምታገባው?» ዳልቻ ከተኮላሸ አራት ዓመቱ ነው።

ወንድሜ ታገሠ ታገሠና አንድ ቀን ወደ ሁለተኛው በሬ ዞረ። «ቦራ፣ ዳልቻ እኮ መሬት ቢቆርሱለት ነገውኑ ጎጆ ይወጣ ነበር» አለው። በክልላችን በአማራ የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ወንድሜ ያኔ አልተወለደም። አባቴ ጅራፉን ዝቅ አደረገ። እስከ ቀትር ድረስ በሬዎቹን አላናገራቸውም።

* * *

እናቴ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ፊት ለፊት «አንቱ» ነው፤ ለሰው ስታወራ «እሳቸው»፤ ስትቆጣ ደግሞ «አባትህ»።

ሰባት ዓመቴ ላይ ታናሽ እህቴን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አስከተለችኝ። ካርድ የሚጽፈው ሰው «የባለቤትሽ ስም?» አላት። ወደ እኔ ዞረች።

«ንገረው እንጂ።»

«ምኑን?»

«የሳቸውን ስም።»

የማውቀውን ነገርኩት፤ «አባዬ» አልኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እኔን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከኋላችን የተሰለፈውን ሰው አየና ጻፈ። የእህቴ የክትባት ካርድ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ። የአባት ስም፦ አባዬ።

* * *

ሁለት ገበሬዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ሰላምታው የራሱ ሥርዓት አለው። እንዴት አደርክ፣ እግዜር ይመስገን፤ ከብቱ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ የታመመችው እንዴት ሆነች፣ ያገቡት ደኅና ናቸው? በመካከል ማቋረጥ ነውር ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ዘመዳችን ከአባቴ ጋር ተገናኘና ከከብቱ ተነሥቶ እስከ አማቶቹ ጤና ድረስ አንድም ሳያስቀር ጠየቀ። አባቴም አንድም ሳያስቀር መለሰ። ሁሉም ሰላም መሆኑ ሲረጋገጥ ዘመዳችን ከኮረብታው ሥር ወዳለው ማሳ በከዘራው እያመለከተ፣ «እነዚያ ጤፉ ውስጥ የገቡት ያንተ በሬዎች አይደሉም?» አለ።

«ከብቱ እንዴት ናቸው?» ሲባል «ደኅና ናቸው» ብሎ ነበር። በእርግጥም ደኅና ነበሩ።

* * *

በመንደራችን ኔትወርክ የሚይዘው አውድማው ዳር ካለው ግራር ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ በስልክ የሚያወራ ሰው ሁሉ ለመንደሩ ነው የሚያወራው። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ወሬዋን ሸፍና ትልካለች። አምና ደወለችና፣ «ወርቄ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ለሰው እንዳታወራ» አለችኝ።

ወርቄ የትኛዋ ዘመዳችን እንደሆነች ለመጠየቅ አፈርኩ። ከተማ ገባና ዘመዱን ረሳ መባል ከብዙ ነገር ይከፋል። «ማርያም ማረቻት! እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብዬ፣ ለገንፎዋ ይሁን ብዬ በቴሌብር 1000 ብር ላክሁ። እናቴ ብሩን አልመለሰችም።

ለገና ስሄድ አራሷን አገኘኋት። ጋጣ ውስጥ ቆማ ፍሩሽካ ቀርቦላታል፤ ጥጃዋ ሥሯ ትቦርቃለች። «ይኸውልህ፣ ያንተን ገንፎ እየበላች ነው» አለችኝ እናቴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ታዘብኩ። በአገራችን ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ጋጣ ውስጥ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ወንድ ጥጃ ከመጣ «እግዜር ይመስገን» ብቻ ነው። ሴት ከመጣች እናቴ ሰባቱንም ትላለች፤ የምትለው ግን በሆዷ ነው፤ ዐይነ ጥላ እንዳይሰማ።

* * *

እምዬ፣ አያቴ፣ የተወለደችው ሚያዝያ 27 ነው። ቀኑ አይነቃነቅም፤ የሚነቃነቀው ዓመቱ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ተመልሰው ገቡ። እምዬ «በዚያ ቀን ነው» ብላ ትተወዋለች፤ የትኛው ቀን እንደሆነ እንደ ሁኔታው ይታያል። ሽማግሌ ተሰብስቦ የክብር ቦታ ሲታደል ጣሊያን ሲገባ ተወልዳለች። ሠርግ ቤት እስክስታ ሲወርድ ደግሞ ጣሊያን ሲወጣ።

ለፋይዳ መታወቂያ የሚመዘግበው ወጣት ይህን አላወቀም። «እማማ፣ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ» አላት።

«መታወቂያው ምን ያደርጋል?»

«ለሁሉም ነገር ያገለግላል።»

«ለሁሉም አይባልም፣ ልጄ። እርዳታ የሚሰጥበት ከሆነ በ28 ጻፈው። መዋጮ የሚሰበሰብበት ከሆነ በ33።»

* * *

እናትና አባቴ ጎን ለጎን ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ወደ ገበያም ሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን አባቴ ሃያ እርምጃ ይቀድማል፤ እናቴ ከኋላ ሆና መንገዱን እሷ ትመራዋለች። «ወደ ግራ ያለው ጭቃ ነው» ትላለች ለበቅሎዋ። አባቴ ወደ ቀኝ ይላል።

አንድ ቦታ ብቻ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ። በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ደብተሩ በክልላችን መታደል ሲጀምር የባልም የሚስትም ጉርድ ፎቶ እንዲለጠፍ ታዘዘ። አባቴ ፎቶው ላይ የተከሰሰ ሰው ይመስላል። እናቴ ደግሞ የፈረደች።

ደብተሩ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ እናቴ አንገት ላይ ነው። አባቴ መሬት ሊያከራይ ካሰበ እናቴ አትከራከረውም። ዶሮዎቹን ጥሬ እየበተነችላቸው፣ «ብሉ ልጆቼ፣ ብሉ፤ የቆማችሁበት መሬት ላይ የኔም ፎቶ አለበት» ትላቸዋለች።

* * *

ቡና ሲፈላ ጎረቤት የሚጠራው በልጅ ነው። አደጋውም ከዚያ ይመጣል፤ ልጅ መልእክት ያደርሳል እንጂ አያለዝብም። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። እናቴ ላከቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረችላት፤ «ያቺን የታችኛዋን ካየሻት ግን ቡናው ገና አልተወቀጠም በያት።»

ልጅቷ አጥሩ ላይ ወጥታ ለመንደሩ ሁሉ ጮኸች፦ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል! ለታችኛዋ ግን ገና አልተወቀጠም!»

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው የታችኛዋ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመችና፣ «መውቀጡን ላግዛችሁ ብዬ ነው» አለች። ከአቦል እስከ በረካ ንቅንቅ አላለችም። እናቴም ለእሷ ስትቀዳ ሲኒውን ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጣ ሞላችው። ይህም መናገር ነው።

* * *

ወንድሜ ከብዜት ሠንጠረዥ ስምንትን ሳያልፍ ነው ትምህርቱን የተወው። የቀን አቆጣጠር ላይ ግን ካህን ያሳፍራል። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 28 አማኑኤል፣ 29 በዓለ ወልድ። አረም በደረሰ ሰሞን በአቋራጭ ሌላም ይጨምራል። አንድ ጠዋት አባቴ ዛሬ ማን ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ «ዋዜማ» አለ።

አባቴ ወደ ዳልቻ ዞረ። «ሰማህ? አንተም ዛሬ ዋዜማህ ነው፤ ሣርህን ነገ ትበላለህ።»

* * *

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ቀን ቤታችን ውስጥ የማይጾመው ድመቱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የጎደለ ነገር ሁሉ በእሱ ይላከካል። እናቴ ለፋሲካ የምታስቀምጠው የቅቤ ማሰሮ በየሳምንቱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ይላል። «ይኼ ድመት!» ትላለች እናቴ። «ይኼ ድመት» ይላል አባቴም፣ ከማንም ይልቅ ጮክ ብሎ። ማሰሮው በድርብ ጨርቅ ታስሯል፤ ድመቱ ይፈታዋል፤ መልሶም ያስረዋል።

አንድ ዓመት፣ ጾሙ በተጋመሰ ሰሞን፣ ድመቱ ሞተ። ቅቤው ግን መጉደሉን አላቆመም።

እናቴ ማሰሮውን ከፍታ አየች። ዘጋችው። ከዚያ አባቴ ካለበት መደብ አጠገብ ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች፣ «ያ ምስኪን ድመት ከሞተም በኋላ አልተወንም» አለች። «ነፍሱ ናት መሰል የምትመላለሰው። ለነፍሱ ስል ንስሐ እንዲገባ ለንስሐ አባቱ ልነግርለት ነው።»

አባቴ አልመለሰም። በማግሥቱ ገበያ ወጥቶ ሌላ ድመት ገዝቶ መጣ።

* * *

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በሬ የለም፣ ዶሮ የለም፣ ድመትም የለም። ከባለቤቴ ጋር የተቀያየምን ቀን ይህ ችግር ጎልቶ ይታየኛል። ፊት ለፊት ለመናገር አፌ አልለመደም። ባለፈው ሳምንት ፍሪጁን ከፍቼ «አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትጮኻለህ፤ ሰው ሲያናግርህ ግን ዝም» አልኩት።

ባለቤቴ የመርሐቤቴ ልጅ ናት። ከማድቤት ሆና ምጣዱን፣ «አንተስ ቶሎ መጋልህን እንጂ መብሰልህን መቼ አወቅከው?» ስትለው ሰማሁ።

ደስ አለኝ። ቤት የሆነ መሰለኝ።

* * *

ዘንድሮ ለጥምቀት ሄጄ ስመለስ አባቴ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኝ። እንደ ልማዱ ሃያ እርምጃ ቀደመ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው መኪና መጥቶ ስሳፈር ትከሻዬን ሳመኝ እንጂ «ቶሎ ና» አላለም፤ «ናፍቄህ ነበር» የሚባለውማ ከአፉ ወጥቶም አያውቅ። ውሻው መኪናውን ተከትሎ ሊሮጥ ሲል ብቻ በከዘራው አገደው።

«ና ተመለስ፣ ምን አገባው! እሱ እንደሆን እስከ ፋሲካ አይመጣም።»

መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ፋሲካ ስንት ቀን እንደቀረው ቆጠርኩ።