የሻርጃ ሐራጅና የአንዲት መርሴዲስ ዋጋ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኮምቦልቻ ተነሥተን ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ተጉዘን ነበር። ጋባዣችን የባለቤታችን ታላቅ ወንድም ናቸው። አጅማን በምትባለው ትንሽ ኤሚሬት ከሚስታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። አማቻችን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲነዱ ኖረዋል። ከዚህም ውስጥ ሰባቱን ዓመት የነዱት የአንድ ሀብታም ቤተሰብ መርሴዲስ ነው። ጠዋት ያጥቡታል፣ የሰው ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሱበታል፣ ማታ ቁልፉን አስረክበው በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እንዲህ የኖረ ሰው አንድ ቀን «የራሴን» ቢል የሚፈረድበት አይመስለንም።

ባልና ሚስቱ ያጠራቀሙት 65 ሺህ ድርሃም ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ያልለበሰ ቤት አላቸው። እኛ ስንነሣ የሐምሌ ዝናብ በግድግዳው ላይ ይወርድ ነበርና እውነቱን ለመናገር ያየነውን ሁሉ አልነገርናቸውም። ሚስቲቱ «ቆርቆሮው ይቅደም» ይላሉ። አማቻችን ደግሞ ልጆቹ በዚያ ሙቀት አውቶቡስ ሲጠብቁ ማየት ሰለቸኝ ባይ ናቸው። በመጨረሻ የተስማሙት፣ የተጠየቀበትን ዋጋ በእርግጥ የሚያወጣ መኪና ከተገኘ እንዲገዛ፣ ካልተገኘ ግን ገንዘቡ ለቤቱ እንዲውል ነው። እኛም «የተማረ ዐይን አይከፋም» ተብለን አብረን እንድንሄድ ተጠየቅን። ስለ መኪና ያለን እውቀት ግን የኮምቦልቻን ባጃጅ ዋጋ ከመከራከር አያልፍም ነበር።

የሻርጃ የአሮጌ መኪና ገበያ «ሱቅ አል-ሐራጅ» ይባላል። ሐራጅ የሚለው ቃል ከዐረብኛ ወደ አማርኛችን የገባ ስለሆነ ገና በር ላይ ስንደርስ አገር ቤት ያለን መሰለን። ቀድሞ ይህ ንግድ አቡ ሸጋራ በሚባል የመኖሪያ ሠፈር ውስጥ ተጨናንቆ ይካሄድ ነበር። ዛሬ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። አንዱ መደብር ከሌላው የማይለይ፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ ፊቱ ላይ መኪና የተደረደረ ረጅም ረድፍ ነው። በረድፉ መሐል ጨርቅ የያዙ ወጣቶች ከበረሐ የሚመጣውን አቧራ ሲጠርጉ ይውላሉ፤ ጠርገው ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ኡርዱውም ፓሽቶውም ዐረብኛውም ሩሲያኛውም ይሰማል። ወተት የበዛበት «ከረክ» የሚሉት ሻይ በትንንሽ የወረቀት ስኒ ይዞራል። አዛን ሲሰማ ብዙው ሰው ጨዋታውን አቋርጦ ወደ መስጂድ ያመራል። ገዥና ሻጭ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዱና ከተስሊም በኋላ በቀሩበት ሺህ ድርሃም ላይ ይቀጥላሉ።

ያየናት መርሴዲስ ነጭ ኢ 300 ናት፣ የ2017 ሥሪት። አዲስ ሳለች ከሁለት መቶ ሺህ ድርሃም በላይ ታወጣ ነበር። አሁን የተጠየቀባት 62 ሺህ ነው። አማቻችን ገብተው መሪውን ሲጨብጡ ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። እኛም በልባችን «አለቀ፣ ተገዛች» አልን።

ነገር ግን በዚያው ረድፍ፣ በዚያው ዓመት የተሠሩ፣ ለገልፍ አገሮች ሙቀት ተብለው የተዘጋጁ ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች 84 እና 87 ሺህ ተጠይቆባቸው ቆመዋል። ይህቺ ለምን ከሃያ ሺህ በላይ ረከሰች? ሻጩ ለግላጋ ወጣት ነው፤ «ባለቤቱ አገሩ ሊገባ ቸኩሎ ነው» አለን። በአሮጌ መኪና ንግድ ውስጥ አገሩ ለመግባት ያልቸኮለ ባለቤት ስለመኖሩ እንጠራጠራለን። አማቻችን ግን የሰባት ዓመት ልምድ አላቸውና ወርደው የፊት ጎኗን አዩ። ፓራውልቱ ጫፍ ላይ ብርቱካንማ መብራት አለ። ይህ የአሜሪካ ሕግ የሚያዘው ምልክት ነው። መኪናዋ ለአሜሪካ ገበያ ተሠርታ፣ እዚያ ተነድታ፣ በመርከብ የመጣች ናት ማለት ነው። ሻጩ «ሰባ አንድ ሺህ ብቻ ነው የሄደችው» ሲል የነገረንም የማይል ቁጥር ኖሯል። በኪሎ ሜትር 114 ሺህ ይሆናል። አልዋሸም፤ መለኪያውን ብቻ ነው ያልጠራው።

የሻንሲ ቁጥሯንም ጻፍን። ይህ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ሲሆን የመጀመሪያው የተሠራበትን አገር ይናገራል። ደብልዩ ጀርመን፣ ጄ ጃፓን፣ አንድ፣ አራትና አምስት ደግሞ አሜሪካ ነው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ አሥረኛው ፊደል የሥሪቱን ዓመት ያሳያል፤ ኤች የ2017 ነው። ማታ አጅማን ተመልሰን በዚሁ ቁጥር የአሜሪካ ታሪኳን በትንሽ ክፍያ አወጣን። እ.ኤ.አ. በ2021 ፊቷን ተመትታ የመድን ድርጅት «ለመጠገን አታዋጣም» ብሎ ካሣ ከፍሎባት፣ ከዚያም በሐራጅ ተሸጣለች።

ሚስቲቱ ወረቀቱን አነበቡና ለባላቸው አቀበሏቸው፤ አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኛ ግን አፋችን አላረፈም። «የተጠገነ መኪና ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ መካኒክ ይየው» አልን። ይህ ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገርነው ነው የማያኮራን።

በማግስቱ ሻጩ ፈቅዶ መኪናዋን በሻርጃ የኢንዱስትሪ ሠፈር ወዳለ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ነው። ሦስት መቶ ድርሃም ተቀብሎ ሥራውን ጀመረ። ለሞተሩ ገና እጁን አልሰነዘረም። በመጀመሪያ ኮፈኑን የያዙትን ብሎኖች አየ፤ ቀለማቸው በመፍቻ ተልጧል። በኋላ ኮምፒዩተሩን ሰካ። ምንም ጥፋት አያሳይም። እኛ «አልሐምዱ ሊላህ» ልንል ስንል እሱ ራሱን ነቀነቀ። ማስታወሻው ከጥቂት ቀናት በፊት ተደምስሷል፣ መኪናዋ ራሷን የምትመረምርባቸው ፈተናዎችም ገና አልተጠናቀቁም አለ። ጥፋት የለም ማለትና ጥፋቱ ገና አልተመዘገበም ማለት ለየቅል ናቸው።

በመድረሳ የቀራነው የሽያጭ ምዕራፍ በዚያች ሰዓት ትዝ አለን። ጡቷ የሞላ እንዲመስል ቀናት ሳትታለብ የቆየችን እንስሳ ገበያ ማውጣት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል፤ ለገዛትም ሰው የመመለስ መብት ሰጥተዋል። በልጅነታችን ይህንን ስንማር የወሎን ላም እንጂ የጀርመንን መኪና አላሰብንም ነበር።

ከዚያም ሽማግሌው የሾፌሩን ቀበቶ ይዞ እስከ መጨረሻው ጎተተው። ቀበቶው ላይኛው ክፍሉ ጥቁር ነው፤ ታች የሚቀረው ግን ቡናማ ነው፣ በሁለቱ መሐል እንደ ቀለም መስመር የተሰመረ ወሰን አለ። ምንጣፉን አነሣ፤ ምንጣፉ አዲስ ነው፤ የወንበሩ ብሎኖች ግን ዝገዋል። «ውሃ» አለ በዐረብኛ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ስለ ውሃው ለአንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2024 በኤምሬትስ መዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ያልታየ ዝናብ ወረደ። አል-ዐይን አጠገብ ኸትም አል-ሸክላ በተባለ ቦታ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ተለካ። ይህ በአዲስ አበባ በነሐሴ ወር በሙሉ ከሚወርደው ጋር የሚቀራረብ ነው። መንገዶች ሐይቅ ሆኑ፣ ብዙ መኪኖችም እስከ መስኮታቸው ተዋጡ። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኖችና የሽቦ መገጣጠሚያዎች በምንጣፍ ሥር ናቸው። ውሃ የገባበት መገጣጠሚያ ደርቆ ይሠራል፤ ከወራት በኋላ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ አንድ ቀን መስኮት አልከፍት፣ አንድ ቀን ሞተር አልነሣ ይላል። ሐቀኛ ጋራዥ ለዚህ ዋጋ ሊቆርጥ አይችልም፤ የቱ ሽቦ መቼ እንደሚበላ አያውቅምና።

በቅንጦት መኪና ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። መኪናው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮ አያረጅም። በ62 ሺህ የተገዛች መኪና የፊት መብራቷ ቢሰበር የሚጠየቀው የሁለት መቶ ሺህ መኪና መብራት ዋጋ ነው። አማቻችን ይህን ያውቁታል። ያን ጊዜ የሚከፍለው ግን አሠሪያቸው ነበር።

መኪናዋን ስንመልስ ሻጩ ያገኘነውን ሰማ። አልካደም፣ አላመነምም። ብቻ «48 ሺህ» አለ። በአንድ ትንፋሽ 14 ሺህ ወረደ። ወዲያው ስልኩን አነሣና ሌላ ገዥ የደወለ አስመሰለ። ዋጋ ለማስወጣት የማይገዛን ሰው ማስጫረት በሃይማኖታችን የተከለከለ ነው፤ ስሙም ነጅሽ ነው። እኛም በበኩላችን ከሱ አልተሻልንም። በሯ ላይ ያለችን ጥፍር የማታህል ጭረት እያሳየን «ይኸው በሩም ተመትቷል» አልን። አማቻችን ክንዳችንን ያዙና በአማርኛ «መምህር፣ ያልሆነውን አይበሉ። የሰውን ዕቃ ያለ ነውሩ ማርከስም ከልክ ያለፈ ነው» አሉን። ጆሯችን ጋለ። የሐራጁ ፀሐይ ነው ብለን ተጽናናን።

ማታ ግን ቁጥሩ አላስተኛንም። 48 ሺህ! ንጹሑ 85 ሺህ የሚያወጣ መኪና! ወረቀት አውጥተን ስንደምር ስንቀንስ አመሸን። «አምስት ሺህ ለጥገና እንያዝለት፣ አሁንም ያተርፋል፤ 45 ቢቀበል ግዙት» ብለን የመከርነው እኛ ነን። ያልነው ይኸው ነው፣ አንደብቀውም። አማቻችንም ዝም ብለው ወደ ወረቀቱ ያዩ ነበር፤ ዝምታቸው እሺታ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ሚስቲቱ ልጆቹን አስተኝተው መጡና ተቀመጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ከሁለት ዓመት በኋላ እኛ ስንሸጣት፣ ተመትታ እንደነበረና ውሃ ገብቶባት እንደነበረ ለገዥው ነግረን ስንት እንጠይቃለን?»

አማቻችን አሰቡ። «ከነገርን? ሃያም የሚሰጠን አይገኝ» አሉ።

«እንግዲያ ዛሬስ ዋጋዋ ከዚያ ስንት ይበልጣል?»

ወረቀታችንን አጠፍነው። እኛ ስንደምር የዋልነው ለካ ነውሯ ተደብቆ የሚከፈላትን ዋጋ ኖሯል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ እጃቸውን ከእህል ክምር ውስጥ ሰደው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ነጋዴው ዝናብ ነው ያገኘው ሲላቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ማለታቸውን ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል። ነጋዴው እርጥቡን እህል እንዳይሸጥ አለመከልከሉን ግን ያስተዋልነው ያን ማታ ነው። እርጥብ እህልም ዋጋ አለው፤ ዋጋው የእርጥብ እህል ነው።

«አገር ቤት እንልካታለን» የሚለው መውጫም ተዘግቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ማገዱ ተነግሮ ነበርና።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ ላለመግዛታችን መልስ ልንሰጥ ወደ ሐራጁ ተመለስን። መርሴዲሷ አጠገብ አንድ ባንግላዴሻዊ ከልጁ ጋር ቆሟል። ልጁ መሪውን ይዞ «ቡ፣ ቡ» እያለ ይነዳል። ሻጩ ሲያየን በዐይኑ «ሂዱ» አለን። እኛ እግራችን ወደ በሩ አዘንብሎ ነበር። አማቻችን ግን ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ሰላምታ ሰጡ፤ ቀበቶውን ይዘው እስከ መጨረሻው ጎተቱት። በተሰባበረ ኡርዱም የመካኒኩን ቃል ደገሙለት። ሻጩ ጮኸ፣ ገበያዬን አበላሻችሁ አለ፣ ሌሎችንም ሻጮች ጠራ። ሰውዬው ልጁን ከመሪው ላይ አነሣና «ስንት አሏችሁ?» ሲል ጠየቀን። 48 ሺህ አልነው። እሱን 66 ብለውት ነበር።

እኛ ወደ ኮምቦልቻ ከተመለስን በኋላም አማቻችን ዐርብ ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ሐራጁ ዘንድ ብቅ ማለት አላቋረጡም። ከቆርቆሮው ግማሹን ገዝተው ልከዋል። በጥር ወር የአንድ ሌክሰስ ፎቶግራፍ ላኩልን፤ የ2015 ሥሪት፣ ለገልፍ የተሠራ፣ የጥገና ደብተሩ የተሟላ። የኋላ በሩ ተመትቶ ቀለም እንደተቀባ ሻጩ ሳይጠየቅ ነግሯቸዋል። የጠየቀው 43 ሺህ ነው። ሚስቲቱ ከሥሩ «የጎማውን ቁጥር አንብበህ ላክ» ብለው ጽፈዋል። ጎማ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፦ 3119። በ2019 የተመረተ ጎማ ስለሆነ አራቱም መቀየር አለባቸው። አማቻችን የአራት ጎማ ዋጋ ጠይቀው ከ43 ሺህ ላይ ቀንሰው ለሻጩ ነገሩት፤ እኛ ይህን ስንጽፍ ሻጩ እያሰበበት ነው።