የሳሳው ጨርቅ

እናታችን ወደ ጌታ ስትሄድ ለእኛ ለልጆቿ አንድ አሮጌ ፒያኖ ተወችልን። ለዓመታት ክዳኑን ሳንከፍት የአበባ ማስቀመጫ አደረግነው። ባለፈው ዓመት ግን ልናስጠግነው ባለሙያ ጠራን።

በውስጡ ባለው ብረት ላይ የታተመው ቁጥር ፒያኖው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በርሊን እንደ ተሠራ አሳየን። ባለሙያው ከ200 በላይ የሆኑትን ክሮች በአንድ ቀን አልወጠራቸውም፤ ለረጅም ጊዜ የላላ ክር በአንድ ጊዜ ከተሳበ ሊበጠስ ይችላልና ጥቂት በጥቂት ቃኛቸው።

ከዚያም የመሃሉን ፔዳል ረግጦ፣ በመዶሻዎቹና በክሮቹ መካከል የሚወርደውን የድምፅ ማፈኛ ጨርቅ አሳየን። ተበልቶ ሳስቷል። "የሚጫወተው ሰው ሁልጊዜ ድምፁን አፍኖ ነበር" አለን። ያን ጊዜ ገባን። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ቅዱሳን በቤታችን ይሰበሰቡ ነበር፤ እናታችንም ጎረቤት እንዳይሰማ ያንን ፔዳል እየረገጠች ታመልክ ነበር።

እርሷ በስደት ዘመን ጨርቁን ጨረሰችው፤ እኛ በነፃነት ዘመን ክዳኑን እንኳ አልከፈትንም። ሌላው ሁሉ ታደሰ፤ ጨርቁን ግን እንዳይቀይረው ለመንነው። አሁን ዐርብ ማታ ከልጆቻችን ጋር እንዘምራለን፤ ፔዳሉን ሳንረግጥ።

ጌታ ሆይ፣ የላላውን ልባችንንም ጥቂት በጥቂት ቃኘው። አሜን።