«በምን ትጠብሱታላችሁ?»

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ምሳ ነው። ድግስ አልነበረም፤ አሣና ድንች ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ያ ምሳ ከሃያ ዓመት በላይ በልቤ ሸሽጌ ያኖርኩትን ነገር አውጥቶ በልጄ ፊት አስቀመጠው። እኔን የጠቀመኝ ሌላውንም ወላጅ ይጠቅም ይሆናል በማለት ብዕሬን አነሳሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ የገጠር መንደር ነው። ቁርኣን የቀራሁትም ሆነ ኪታብ የጀመርኩት እዚያው ሸይኾች ዘንድ ሲሆን፣ የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ደሴ ጨርሻለሁ። ከሐይቁ የሚወጣው አሣ በእኛ ዘንድ የተለየ ቦታ አለው። እንደሚታወቀው በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በኀዘንም በደስታም አብሮ ቢኖርም ሥጋ ላይ ሲደርስ ማዕዱ ይለያል፤ እርዱ የተለያየ ነውና። አሣ ግን «ማን አረደው?» አይባልበትም። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ በአእምሮዬ የተቀረጸው «አሣ ከሆነ ጥያቄ የለውም» የሚል ነበር። ደረሳ ሆኜ ከባሕር የሚገኘው ምግብ የተፈቀደ መሆኑን ከሱረቱል ማኢዳም ከሐዲስም ስማር ይኸው ሐሳቤ ይበልጥ ጸና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ስደት ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደኝ። በዚያን ጊዜ መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂውን ሁሉ ለንደን ከማስቀመጥ ይልቅ በየከተማው ያከፋፍል ስለነበር የእኔ ዕጣ በሰሜን በኩል የምትገኘው ሊድስ ሆነች። ያረፍኩበት ቤት ከዩኒቨርሲቲው ብዙም አይርቅም። ጁሙዓ የምንሰግደው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረውና የሊድስ ታላቁ መስጊድ በሚባለው ሕንፃ ነው። ከሶላት ስንወጣ ከአንድ የሱማሌ ወንድም ጋር ሆነን ተማሪ ወደሚበዛባት አንዲት ትንሽ አሣ ቤት እንሄድ ነበር።

እንግሊዞች ምግቡን «ፊሽ ኤንድ ቺፕስ» ይሉታል። ኮድ ወይም ሃዶክ የሚባለው የባሕር አሣ አጥንቱ ይወጣና በተበጠበጠ የስንዴ ዱቄት ተነክሮ በጋለ ስብ ወይም ዘይት ይጠበሳል። በጣት ውፍረት የተከተፈው ድንችም እንዲሁ ይጠበሳል። ከዚያ ጨውና ኮምጣጤ ተጨምሮበት በወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣል። የወዛደሩና የተማሪው ምግብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥጋው፣ ቅቤውና ስኳሩ በራሽን ሲታደል ይህ ምግብ ግን ከራሽን ውጪ ሆኖ እንደነበር ይታወቃል።

አሣን በዱቄት ነክሮ መጥበስን ወደዚያ አገር ያስገቡት ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች እንደሆኑ ይነገራል። ገርናጣ ከሙስሊሞች እጅ የወጣችበትና አይሁዶች ከስፔን እንዲወጡ የታወጀበት ዓመት አንድ ነው፤ 1492። እነዚህ ሰዎች ስለሚበሉት ነገር የሚጠይቁ ነበሩና አሣቸውን የሚጠብሱት በዘይት ነበር። በ1860ዎቹ ግን በምሥራቅ ለንደንና በላንካሸር አሣና ድንችን አጣምረው የሚሸጡ ሱቆች ሲከፈቱ ምግቡ የሁሉም ሆነ፤ መጥበሻውም የየአካባቢውን ልማድ ተከተለ። ሊድስ በምትገኝበት በዮርክሸር የተለመደው የቀለጠ የከብት ሞራ ነው። ጣዕሙ ያለው ሞራው ላይ ነው ይላሉ።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ዓመት ያህል በየጁሙዓው ስበላ አንድም ቀን አልጠየቅሁም፤ አሣ ነዋ! አንድ ቀን ያ የሱማሌ ወንድሜ፣

«በሞራ ነው የሚጠብሱት ሲሉ ሰማሁ። ገብተን እንጠይቅ» አለኝ።

«ተወው እባክህ፣ አሣ ምን ያጠያይቃል?» አልኩት።

እርሱ ከዚያ ቀን በኋላ ቀረ። እኔ ግን ሦስት ጁሙዓ ብቻዬን ሄድኩ።

ውድ አንባቢያን፣ በእነዚያ ሦስት ጁሙዓዎች ያልጠየቅሁት ለምን እንደሆነ ራሴን ብዙ ጊዜ መርምሬያለሁ። እንግሊዝኛዬ ስብርብር ነበር፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ተማሪ ይስቅብኛል ብዬ እፈራ ነበር። ይህ እውነት ቢሆንም እውነቱ በሙሉ ግን አይደለም። ጠይቄ «አዎን፣ በሞራ ነው» ብትለኝ መተው ሊኖርብኝ ነው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ብቸኝነት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆዴን የሚያሞቀው እርሱ ብቻ ነበር። ሳያውቅ ለተሳሳተ ሰው አላህ መሓሪ ነው። የእኔ ግን ስሕተት አልነበረም፤ ላለማወቅ ብዬ ነው ያልጠየቅሁት።

በኋላ ነፍሴ ስትወቅሰኝ ተውኩት። ወደ ለንደን ተዛውሬም ትዳር ያዝኩ፤ የአገራችንን ልጆች ቁርኣን ማስቀራት ጀመርኩ። ሐላል ግልጽ መሆኑን፣ ሐራምም ግልጽ መሆኑን፣ በመካከላቸው ያለውን አጠራጣሪ ነገር የተጠነቀቀ ዲኑን እንደሚጠብቅ የሚያስተምረውን ሐዲስ በየዓመቱ ለልጆች አስተምራለሁ። በየዓመቱም እዚያ ሐዲስ ላይ ስደርስ ምላሴ ይከብደኛል። ለማንም አልተናገርኩም።

የአላህ ውሳኔ ሆኖ የመጀመሪያ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የደረሳት ሊድስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ልጠይቃት ሄድኩ። ጁሙዓ ሰግደን ስንወጣ፣

«አባ፣ ዛሬ ምሳ የምጋብዝህ እኔ ነኝ። ጓደኛዬም እዚያ ትጠብቀናለች» አለችኝ።

ተከትያት ሄድኩ። መንገዱን ገና ስንታጠፍ አወቅሁት። ቀለሙ ተለውጧል፣ አራት ጠረጴዛም ገብቶበታል እንጂ ያችው አሣ ቤት ናት። እግሬ ደጃፉ ላይ ቆመ። ልጄ ደግሞ መቆሜን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ልቆጣ የመጣሁ መስሏት ይሆናል።

ጓደኛዋ ውስጥ ቆማለች። የአዲስ አበባ ቤተሰብ ልጅ፣ ክርስቲያን ናት። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ብላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ዕለቱ ዓርብ በመሆኑ ጾመኛ ነበረች። በእነርሱ ቤት ዓርብና ረቡዕ አሣ ይበላል፤ የከብት ስብ፣ ወተትና እንቁላል ግን ጾም ያስፈታል።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ ልጄ ባንኮኒው ላይ ክንዷን አስደግፋ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣

«በምን ትጠብሱታላችሁ?» አለች።

እኔ በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ዞሬ ሰልፈኛውን አየሁ። የሳቀ ማንም የለም። ሁሉም ስልኩን እያየ ነው።

ሴትዮዋ፣ የዚያ አገር ሻጭ ለማያውቀው ሰው እንደሚለው፣ «ፍቅሬ» ብላ ጀመረች። «ትልልቆቹ በከብት ሞራ ናቸው። ያቺ ዳር ያለችው ትንሿ ግን በአትክልት ዘይት ናት። ከጠበቃችሁ አሥር ደቂቃ ነው።»

«በትንሿ ሌላ ምን ይጠበስባታል? ቋሊማ ይገባባታል?»

«አሣና ድንች ብቻ።»

«ዱቄቱስ በምን ይበጠበጣል? ቢራ አለው?»

«ውሃና ዱቄት ብቻ።»

የልጄ ጓደኛ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ እያነበበች ወተትና እንቁላል እንደሌለው አረጋገጠች። ከ2014 ጀምሮ በዚያ አገር ምግብ ሻጭ ሁሉ ሰውነት የማይቀበላቸውን 14 ዓይነት ነገሮች ለደንበኛ ማሳወቅ በሕግ ተደንግጎበታል፤ አሣ፣ ስንዴ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሰናፍጭና ሌሎችም አሉበት። የከብት ሞራ ግን ከ14ቱ አንዱ አይደለም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ያነበበ ሰው ስለ ሞራው በአፉ ካልጠየቀ አያውቅም ማለት ነው።

እኔም ድፍረት አግኝቼ፣ «ትንሿ መጥበሻ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለችው?» አልኳት።

«ኧረ ቆየች! አባቴ ናቸው ያስገቧት። ተማሪዎች እየመጡ ሲጠይቋቸው ነው። ከሃያ አምስት ዓመት ይበልጣታል» አለችኝ።

ሱብሓነላህ! እኔ በ2003 በዚያው ባንኮኒ ፊት አንገቴን ደፍቼ ስቆም ትንሿ መጥበሻ እዚያው፣ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበረች። ከእኔ በፊት የነበሩ፣ ስማቸውን የማላውቅ ተማሪዎች ጠይቀው በሩን ከፍተውልኛል። እጠይቃለሁ ብዬ የፈራሁት ምግቡን እንዳላጣ ነበር፤ ብጠይቅ ኖሮ በሐላሉ አገኘው ነበር።

ተቀመጥን። ልጄ ዝምታዬን አይታ «አባ፣ ተቆጣህ?» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት፤ ዓመቱን፣ የሱማሌውን ወንድም፣ ሦስቱን ጁሙዓ። ጓደኛዋም እየሰማች ነው። የቁርኣን መምህር የሆነ አባት በልጁና በእንግዳ ልጅ ፊት እንዲህ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አላህ ያውቃል።

ልጄ ለጥቂት ጊዜ ድንቿን በትንሿ የእንጨት ሹካ ስታገላብጥ ቆየችና፣

«እኔም የመጀመሪያውን ወር ሳልጠይቅ በላሁ። ሲገባኝ አለቀስኩ። ልነግርህ ስልክ አንስቼ ተውኩት» አለችኝ።

«ለምን ተውሽው?»

«አንተ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብህ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበራ።»

ይህች ቃል ከሞራው ይልቅ ከበደችኝ። እኔ በቤቴ ሐላልና ሐራምን አስተምሬያለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ልጄም ይዛዋለች። ነገር ግን የማልሳሳት መስዬ በመኖሬ የተሳሳተች ቀን ወደ እኔ የምትመጣበትን በር ዘግቼባት ኖሯል። እኔ ሴትዮዋን ለመጠየቅ እንደፈራሁ፣ ልጄ ደግሞ እኔን ፈርታ ኖሯል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ዓይን አፋርነት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ማመስገኗ ተዘግቧል። በቤታችን ያሉት ሴቶች ልጆች እንደዚያ እንዲሆኑ ከፈለግን ሲጠይቁን የምንሰጠው መልስ ብቻ ሳይሆን የምናሳያቸው ፊትም ሊታሰብበት ይገባል።

በዚያች ሰዓት ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፈው ታሪክ ትዝ አለኝ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) የመሩት ሦስት መቶ ያህል ሠራዊት ስንቁ አልቆበት ቅጠል እስከ መብላት ደረሰ። ከዚያ ባሕር የተፋው ግዙፍ አሣ አገኙ። አቡ ዑበይዳ መጀመሪያ ሙት መሆኑን አይተው አመነቱ፤ በኋላ ግን ችግራቸውን ተመልክተው ፈቀዱና በሉ። መዲና ሲመለሱ ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አወሩ። እርሳቸውም አላህ ያወጣላቸው ሲሳይ መሆኑን ነገሯቸው። በዚህ ብቻ አላበቁም። የተረፈ ካላቸው እንዲሰጧቸው ጠየቁ፤ ተላከላቸውና ከዚያው አሣ በሉ። እንዲህ አድርገው ከሶሓቦቻቸው ልብ ጥርጣሬውን አወጡት።

እኔም ቢስሚላህ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ኮምጣጤውን አፈሰስኩበት፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኮምጣጤን ጥሩ ማባያ ብለው ያወደሱት ነውና። ሙስሊሟም፣ ክርስቲያኗም፣ እኔም ከአንድ ወረቀት ላይ በላን። የሐይቅ አሣ ትዝ አለኝ።

የሌሎች መጽሐፍ ባለቤቶችን እርድ በተመለከተ ያለውን ዝርዝር ሕግ ለዑለማኦች እተዋለሁ፤ ፈትዋ ለመስጠት አልተነሳሁም። ልጆቻችሁን ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ለምትልኩ ወላጆች ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው፣ አሣ ስለሆነ ብቻ «ጥያቄ የለውም» እንዳይሉ ሦስቱን ጥያቄዎች አስተምሯቸው፦ በምን ይጠበሳል? በዚያው መጥበሻ ሌላ ምን ይገባል? ዱቄቱ በምን ተበጠበጠ? ሁለተኛው፣ እናንተ ራሳችሁ ሳትጠይቁ የቀራችሁበትን ቀን ንገሯቸው።

ጌታችን ሆይ! ሐላሉን አሳውቀን፣ ለመጠየቅ ድፍረት ስጠን፤ ልጆቻችን ሲሳሳቱ ወደ እኛ የሚመጡ፣ እኛም የማናስደነግጣቸው አድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።